ጋሽ ትንፋሽ ያልነፉት ቅዳሜ

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር። ገበያው ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጋሽ ትንፋሽ ሲላቸው ኖሯል፤ እሳቸውም ቢሆኑ በዚያኛው ስም ሲጠሩ፣ ማን ነው የተጠራው ብለው ዞር እስከማለት ደርሰዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሌላው ሰው ዶሮ ሲገዛ እግሯን ይዞ ያንጠለጥላል፣ በእጁ ይመዝናል፣ ደረቷን ይዳብሳል። ጋሽ ትንፋሽ ይህን ሁሉ አያውቁም። ዶሮዋን ብብታቸው ሥር ያስገቧትና ደረቷን ወደ ላይ ገልበጥ ያደርጋሉ፤ አፍንጫቸው ላባዋን እስኪነካ ጎንበስ ይሉና፣ እፍ! ላባው ለሁለት ይከፈላል፣ ቆዳዋ ይታያል። ቢጫ ከሆነ ስብ አላት። ነጭ ከሆነ መኖዋን የበላው ባለቤቷ ነው። ወደ ሰማያዊ ካደላ ግን፣ «መልሳት፣ ያሳደጋት ይቅበራት!» ይላሉ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ። ሻጩ ዶሮውን አቅፎ እግሬ አውጪኝ ይላል።

«በእኔ ስም የሚሸጥ ዶሮ፣ እኔ ራሴ እፍ ያላልኩበት አንድም የለም» ይሉ ነበር። የምግብ ቤት ባለቤቶች በዚህች ቃል ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው ይገዟቸዋል። ደግሞ እውነት ነበር። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ፍጹም እውነት ነበር፤ እኔንም የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ውሸታም ሰው አንድ ቀን ቢዋሽ ማንም አያምነውም፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ዕድሜ ልኩን እውነት ሲናገር የኖረ ሰው የዋሸ ቀን ግን ሁሉም ያምነዋል።

ከፊት ለፊታቸው የሚሸጠው ሰውዬ ኪሎ ይባላል፤ ሚዛን ሰቅሎ ስለሚሸጥ። ሁለቱ ሲዋደዱም ሲናከሱም አብረው አርጅተዋል። «አንተ፣ የምትሸጠው ዶሮ ነው ወይስ ስኳር?» ይሉታል ጋሽ ትንፋሽ። «አንተስ ዶሮ ሻጭ ነህ ወይስ ከሰል አቀጣጣይ?» ይላቸዋል ኪሎ። ገበያው ይስቃል። በየቀኑ ያው ቀልድ፣ በየቀኑ ያው ሳቅ ነው።

ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል። ሁለት ልጆች አሏቸው። ሴቷ የእንስሳት በሽታ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ትሠራለች፤ ገበያተኛው ሲያሾፍም ሲያከብርም «ላቦራቶሪዋ» ይላታል። ወንዱ መካኒክ ነበር። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በመከራ ስለሆነ ጭምቱ ተብሎ ቀርቷል። ይሠራበት የነበረው ጋራዥ ሲዘጋ አባቱ፣ «ምን አስጨነቀህ፣ ዶሮው አለ አይደል!» ብለው ከጎናቸው አቆሙት።

ጭምቱ ዶሮውን አልጠላውም። እፍ ማለቱን ግን ጠላው። «አባዬ፣ ሚዛን ብንገዛስ?» አለ አንድ ቀን። ጋሽ ትንፋሽ መርዶ የተነገራቸው ያህል ደነገጡ። «ሚዛን? እኔ በቁሜ? ኪሎ መሳቂያ እንዲያደርገኝ?» ልጁ ሁለተኛ አላነሳውም። ጎንበስ ማለቱን ተማረ። ላባው አፍንጫው ውስጥ እየገባ ሲያስነጥሰው፣ «ትለምደዋለህ፣ እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበርኩ» ይሉታል።

በዚያች ቅዳሜ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ሰማንያ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አራገፈላቸው። አናታቸው ቀይ፣ ዓይናቸው ንቁ፣ እህል ሲበተንላቸው የሚራኮቱ፣ ምንም የማይወጣላቸው ዶሮዎች። «ታዲያ ለምን ትሸጧቸዋላችሁ?» ቢሉት ሾፌሩ፣ «እንቁላል ቀነሱ» አለ። እንቁላል የቀነሰች ዶሮ ለሥጋ ትሸጣለች፤ ይሄ ምን ይገርማል? ማንንም አልገረመም።

ችግሩ ሌላ ነበር። በዋዜማው ጋሽ ትንፋሽ መንጋጋ ጥርሳቸውን ተነቅለው ነበርና ጉንጫቸው ዳቦ አክሏል። የጥርስ ሐኪሙ ድዳቸውን ሰፍቶ፣ «አደራ፣ ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር እንዳይነፉ፤ ክሩ ይበጠሳል» ብሏቸዋል። ስለዚህ በሠላሳ ስምንት ዓመት የገበያ ኑሯቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ነፊው ጭምቱ ሆነ።

«ቀረብ በል። ኧረ ቀረብ! አፍንጫህ ይንካት። ምን ያሽኮረምምሃል፣ ሙሽራ መሰለችህ? አሁን በደንብ ሳብ… እፍ! ቀና አትበል፣ እዚያው ሳብ… እፍ!»

ጭምቱ ሰማንያውንም ነፋ። ሲጨርስ ቅንድቡ ላይ ላባ፣ ከንፈሩ ላይ አቧራ ነበር። «አሁን ገና ሰው ሆንክ» አሉት አባቱ፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው። ደንበኞች መጥተው «እነዚህንም እርስዎ ነፍተዋቸዋል?» ሲሏቸው ግን ያበጠ ጉንጫቸውን በፎጣ ሸፈን አድርገው፣ «ታዲያ ማን ሊነፋቸው ኖሯል!» አሉ። ትንሽ የገበያ ውሸት ናት። ማንንም የምትጎዳ አልመሰለቻቸውም።

ሰኞ የእንስሳት ሐኪሟ መጣች። እንደ ወትሮዋ ከየሽቦ ሣጥኑ ጥቂት ጥቂት ዶሮ እያወጣች ጉሮሯቸውንና ቂጣቸውን በጥጥ ጠርጋ ናሙና ይዛ ሄደች። ረቡዕ ጠዋት ግን ሁለት የጤና ባለሙያዎች አስከትላ ተመለሰች። ነጋዴውን ሁሉ ሰበሰበችና፣ «ከናሙናው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ተገኝቷል» አለች።

ጋሽ ትንፋሽ ከዓመታት በፊት በሌላ ገበያ የሆነውን ሰምተዋል፤ ሲመሽ እህል ሲለቅሙ የነበሩ ዶሮዎች ሲነጋ በየሣጥኑ ደርቀው እንደተገኙ ያውቃሉ።

«ዓይነቱ ግን ዝቅተኛ የሚባለው ነው» ብላ ቀጠለች ሐኪሟ፤ «ዶሮ የሚፈጀው ከፍተኛው አይደለም። ቢሆንም ገበያው ይዘጋል፣ ያሉት ዶሮዎች ይወገዳሉ፣ እናንተንም አንድ በአንድ…»

ከዚያ ወዲያ ማን ሰማት! «ዝቅተኛ ነው ተብሏል! ዝቅተኛ!» እየተባለ ከሳቅ ጋር ዳር እስከ ዳር ተዳረሰ። ያልሳቀው ኪሎ ብቻ ነው። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ጭምብል አድርጎ ከዳር ቆሟል። «አይዞህ፣ ዝቅተኛ ነው፤ ያንተ ሚዛን እንኳ አይቆጥረውም» አሉት ጋሽ ትንፋሽ። ሳቁ እንደገና ተነሳ።

ሐኪሟ መዝገቧን ገልጣ፣ «ከቅዳሜው ጭነት ጋር ፊቱን አስጠግቶ የሠራ ማነው?» ብላ ጠየቀች።

«አስጠግቶ ቢሉ!» አለ አንድ የምግብ ቤት ባለቤት፤ ቅዳሜ ዕለት በእሳቸው ቃል ሃያ ዶሮ የወሰደው ነው። «አፍንጫቸውን ከተው ነው እንጂ! ጋሽ ትንፋሽ ናቸዋ!»

«ጉንጭህ አብጦ አልነበር እንዴ?» አለ ኪሎ።

«አንተ ሚዛንህን ጠብቅ!» አሉት። ጆሯቸው ግን ጋለ። የምግብ ቤቱ ሰውዬ ያያቸዋል። ገበያው ሁሉ ያያቸዋል።

«እርስዎ ነዎት የነፏቸው?» አለች ሐኪሟ።

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም!»

«ልጅዎስ?»

«እሱ በር ላይ ነው የሚቆመው። ውኃ ያመጣል፣ ሣጥን ያነሳል። ገና መቼ ተማረና!»

ጭምቱ ከጎናቸው ቆሞ ነበር። አባቱን ቀና ብሎ አየና አንገቱን ደፋ። አባዬ ካለ አለ ነው፤ ሕፃን ሆኖም እንዲሁ ነበር። ሐኪሟ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪዋ ወደ ቤት መጣች። ቤቱ በአንድ ስስ ግድግዳ የተከፈለ ሁለት ክፍል ነው፤ ከፊቱ ቧንቧ ያለበት ትንሽ ግቢ አለ። ሌላ ጊዜ ሳታንኳኳ ዘው ብላ የምትገባ ልጅ ጭምብል አድርጋ ከመስኮቱ አራት እርምጃ ርቃ ቆመች። ጋሽ ትንፋሽ ሊስሟት ብድግ አሉ።

«እዚያው ሁን አባዬ!»

ልጃቸው ስትቆጣ ያውቋታል። ይሄ ቁጣ አልነበረም፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። በእውነት የፈሩት ያኔ ነው።

«አልሰማሽም እንዴ? ዝቅተኛ ነው ተብሏል» አሉ።

«ሰምቻለሁ። ወረቀቱን የጻፍነው እኛ ነን። ዝቅተኛ ያለው ግን ማን መሰለህ? ዶሮዋ ናት።»

«እንዴት አድርጋ?»

«ስማኝ። ቫይረሱ ሥጋ ውስጥ የሚገባበት እጅ አለው። ያ እጅ ሲመጣ በክር ተሰፍቶ ነው የሚመጣው፤ ክሩ ካልተቆረጠ መግባት አይችልም። መቀስ ደግሞ የለውም። መቀሱ ያለው የዶሮዋ ገላ ውስጥ ነው። የለዘበው ዓይነት ክሩን የሚቆርጥለት መቀስ የሚያገኘው አንጀቷና መተንፈሻዋ ላይ ብቻ ነው። እዚያው ተወስኖ ይቀራል፤ ትንሽ ታስነጥሳለች፣ እንቁላል ትቀንሳለች።»

«እንቁላል ቀነሱ» ብሎ ነበር ሾፌሩ። ጋሽ ትንፋሽ አስታወሱት።

«የከፋው ዓይነት ክሩ ሌላ ነው። በገላዋ ሁሉ ያለ መቀስ ይቆርጠዋል። ልቧም፣ አንጎሏም፣ ኩላሊቷም ይከፈትለታል። እሷ ናት ሲነጋ ደርቃ የምትገኘው። የለዘበውም ቢሆን በተጨናነቀ ጎጆ ከዶሮ ወደ ዶሮ ሲዞር ሲዞር አንድ ቀን ክሩን ሊለውጥ ይችላል።»

«የኛ ግን የለዘበው ነው።»

«ለዶሮዋ! አባዬ፣ ስሙ የወጣለት ቫይረሱን በመርፌ ዶሮ ወግተው ስንት ሞተ ብለው ቆጥረው ነው። ሰውን ማንም አልጠየቀም። ለዶሮ ለዝቦ ሰው የሚገድል አለ። ይሄ ደግሞ የባሰ ነው፤ የምትሞት ዶሮ ሽሹ ብላ ትናገራለች። እነዚህ እየበሉ፣ እየጮሁ፣ ዝም ብለው ነው የሚሰጡህ።»

ጋሽ ትንፋሽ የመስኮቱን ብረት ያዙ። «ሰውን እንዴት አድርጎ?»

«የወፍ ቫይረስ የሚከፍተው ዓይነት በር ሰው ላይ በብዛት ያለው ከታች ነው፣ ሳንባ ሥር። አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ያለው በር ሌላ ቁልፍ ነው የሚፈልገው። ለዚህ ነው አብዛኛው ደጅ ጠንቶ የሚመለሰው፤ ከሰው ወደ ሰውም እንደ ልቡ የማይሄደው። የዚህኛው ቁልፍ ግን ትንሽ ተሞርዷል፤ የሰውንም በር ይሞክራል። ታች ከደረሰ…» አለችና ሳትጨርሰው፣ «አባዬ፣ እፍ ካልክ በኋላ ምን ታደርጋለህ?»

«ምን አደርጋለሁ? እተነፍሳለኋ!»

«እንዴት?»

አሳዩዋት። የድዳቸውን ስፌት ረስተው ጎንበስ ብለው እፍ አሉ፤ ቀና ሳይሉ ደረታቸው እስኪነፋ ሳቡ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያደረጉት ነገር ነው።

ልጅቷ በጭምብሏ ላይ እጇን ጫነች። «ይኸው! ታች ድረስ በገዛ ትንፋሽህ ነው የምታወርደው።»

ሳብ… እፍ፣ ቀና አትበል፣ እዚያው ሳብ። ጋሽ ትንፋሽ የገዛ ድምፃቸውን ሰሙት። ጭምቱ ቧንቧው ጋ ቆሞ እጁን ይታጠባል፤ በሳሙና፣ ቀስ ብሎ፣ የሞተር ዘይት የነካው ይመስል።

«እሱስ?» አለች ወደ ወንድሟ እያየች። «እሱ በፍጹም አልነፋም?»

አፋቸውን ከፈቱ። የምግብ ቤቱ ሰውዬ ታያቸው፣ ኪሎ ታያቸው፣ መዝገቡ ታያቸው። ከሁሉ በላይ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እሱ ነው ካሉ እውነት ይሆናል፣ ካላሉ ምናልባት ላይሆን ይችላል። ፍርሃት እንዲህ ያጃጅላል። ሽማግሌውን ሰውዬ!

«እኔ ልሙት፣ አልነፋም» አሉ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ልጅቷ አመነቻቸው። ለምን አታምናቸው!

በማግስቱ የጤና ባለሙያዎቹ መጡ። የጋሽ ትንፋሽን ጉሮሮ ጠርገው ወሰዱ፣ ክኒን ሰጧቸው፣ «አሥር ቀን ከክፍልዎ እንዳይወጡ» አሏቸው። ክኒኑ የሚረዳው ቶሎ ሲጀመር እንደሆነ፣ ሰው ከታመመ ወዲያ በዘገየ ቁጥር ጉልበቱ እንደሚያንስ ነገሯቸው። ለጭምቱ የሰጡት አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ ትኩሳት ከተሰማህ ደውል ብለውት ሄዱ።

ጋሽ ትንፋሽ ብልኃት ያገኙ መሰላቸው። ጠዋት የሚውጡትን ክኒን በብርጭቆ አድርገው በመስኮት አወጡለት። «እንካ፣ ዋጠው። አትጠይቀኝ» አሉት። ማታም እንዲሁ አደረጉ። ዓርብም ሁለት ጊዜ። ብርጭቆው ታጥቦ ይመለሳል። ሳይዋረዱ ልጃቸውን ያዳኑ መስሏቸው እፎይ አሉ። ውሾን ያነሳ ውሾ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል ሳል ሰሙ። አንዴ። ደረቅ ሳል።

«አቧራ ነው?» አሉ በግድግዳው።

«አቧራ ነው» አለ ጭምቱ።

ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ። ጋሽ ትንፋሽ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው መቁጠር ጀመሩ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ፣ ሲያጥር ላብ ያጠምቃቸዋል። ስልኩ ጉልበታቸው ላይ ነው። አሁን ልደውል፣ ከሚቀጥለው በኋላ ልደውል፣ አንዴ ብቻ ከሳለ አልደውልም ሲሉ መሸ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ እሳቸው ግን የፈሩትን ዝም ካሉት የሚያልፍ መስሏቸው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሉ ቆመ። «ተመስገን!» ብለው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ሳል የለም። ትንፋሽ ግን አለ። አጭር፣ የተቆራረጠ፣ ዳገት ሲሮጥ የመጣ ሰው ትንፋሽ። ዕድሜያቸውን በትንፋሽ የኖሩ ሰው ይህን አይስቱትም።

ክልከላውን ረስተው ወጡ። የጭምቱን በር ገፉት። ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ግንባሩ እሳት ነው። አገጩን ይዘው ወደ ብርሃኑ ቀና አደረጉት። ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ አድልቷል።

መልሳት፣ ያሳደጋት ይቅበራት። ስንት ሺህ ጊዜ ብለውታል! ወሽመጣቸው ተቆረጠ። ደወሉ።

«ልጄ፣ የነፋው እሱ ነው» አሏት። «ያስነፋሁት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው። እየሞተብኝ ነው፣ ድረሽልኝ!»

ላቦራቶሪዋ አልጮኸችም። ብትጮህባቸው፣ ብትሰድባቸው ምነኛ በወደዱ! «ስንት ቀኑ ነው መሳል ከጀመረ?» አለች። ነገሯት። «አምቡላንስ እልካለሁ» ብላ ዘጋችው።

አምቡላንሱ ሲደርስ ከእግር እስከ ራሳቸው የተሸፈኑ ሰዎች ልጁን ሲያነሱት፣ ከትራሱ ሥር አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ወድቃ ተከፈተች። ከጋራዡ ያመጣት፣ ብሎን የሚያኖርባት ቆርቆሮ ናት። ወለሉ ላይ አራት ክኒኖች ተበተኑ።

«ምነው ልጄ? ምነው ሳትውጠው?»

ጭምቱ ቃሉን ከትንፋሹ ጋር እየተሻማ፣ «ያንተ… እንዳያልቅብህ» አለ።

ጋሽ ትንፋሽ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። አራቷን ክኒን ለቀሙ፣ ግን ለማን ይስጧት? በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ሄደ።

የእሳቸው ምርመራ ውጤት ነጻ ነው ተባለ። ይህንን የምሥራች ብሎ የነገራቸው ሰው ፊታቸውን አይቶ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የጤና ባለሙያዎቹ የገዛውንም፣ የነካውንም፣ ጭምቱን የቀረበውንም ሁሉ ፈልገው አገኙ። የታመመ ሌላ ሰው አልተገኘም። ጋሽ ትንፋሽ ሐኪሟን ይቅርታ ጠየቁ፤ መዝገቧ ላይ የተጻፈው ሲሰረዝ በዓይናቸው አዩ። ለምግብ ቤቱ ባለቤትም ራሳቸው ደውለው፣ «የቅዳሜዎቹን እኔ አልነፋኋቸውም፤ ዋሽቼሃለሁ» አሉት። ይህን ያህል የፈሩት ውርደት ሲመጣ ምንም አልሆነም፤ ምላስ ላይ እንኳ አልከበደም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ጭምቱ ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ በማሽን ይተነፍስ ነበር። ጋሽ ትንፋሽ የተባለላቸው አሥር ቀን እንዳበቃ በየቀኑ እየሄዱ ከመስታወቱ ውጭ ይቀመጣሉ። ላቦራቶሪዋም ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች። ከጎናቸው ትቀመጣለች እንጂ ብዙ አታወራቸውም። አንድ ቀን ብቻ፣ ወደ መስታወቱ እያየች፣ «ብትነግረኝ ኖሮ ሐሙስ ዕለት ይጀምር ነበር» አለች። ሁለተኛ አላነሳችውም፤ እሳቸው ግን በየቀኑ ይሰሙታል።

በአሥራ አራተኛው ቀን ማሽኑ ተነቀለለት። ዶክተሩ፣ «ሳንባው ተጎድቷል፤ ምን ያህሉ እንደሚመለስ ገና አናውቅም» አላቸው። ቀጥሎ ሲስተሯ አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ ገባች። ውስጧ ሰማያዊ ኳስ አለባት፤ ሰው በቱቦው አየር ሲስብ ኳሷ ወደ ላይ ትነሳለች። ቱቦውን ለጭምቱ አጎረሰችው። በሩ ገርበብ ያለ ነበርና ድምፅዋ ውጭ ይሰማል።

«በደንብ ሳብ። ሳብ…»

ጋሽ ትንፋሽ ወንበራቸውን ለቀው ተነሱ። ኳሷ አልተነቃነቀችም።

«እንደገና። ሳብ…»

መስታወቱ ማዶ የጭምቱ አንገት ሥር ተገታተረ፣ ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። ጋሽ ትንፋሽ ሳያውቁት ደረታቸውን ነፍተው አብረውት ይስባሉ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰማንያ ዶሮ በአንድ ጠዋት የነፋ ልጅ አንዲት የፕላስቲክ ኳስ ማንሳት አቅቶት! ፍርሃቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ መጣባቸው። እጃቸው ላቦራቶሪዋን ፈለገ፤ እሷም ያዘችላቸው፣ ከዚያ ስልክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አንዴ ብቻ» አለች ሲስተሯ።

ኳሷ ተንቀጠቀጠች። አንዲት ጣት ያህል ተነሳች፣ ጥቂት ቆየች፣ ወደቀች። ሲስተሯ «ጎበዝ!» ብላ አጨበጨበች።

ጭምቱ ቱቦውን ከአፉ አወጣ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የአባቱን ፊት አየ። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣውም። ደክሞት ዓይኑን ጨፈነ፣ መልሶ ገለጠና በሁለት እጁ ከብርድ ልብሱ በላይ አሳያቸው፤ አንዱን መዳፍ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ፣ ከዚያ ሁለቱንም እኩል።

«ምን እያለ ነው?» አለች እህቱ።

ጋሽ ትንፋሽ ገብቷቸዋል። እንባቸው ጭምብላቸው ውስጥ ይወርድ ጀመር።

«ሚዛን» አሉ። «ሚዛን ግዛ እያለኝ ነው።» ከዚያ መስታወቱን በመዳፋቸው እየመቱ ኮሪደሩ እስኪሰማ ጮኹ፤ «እገዛለሁ! እገዛለሁ አባቴ፣ ብቻ ተንፍስልኝ!»